ለሥራ የለበስኩት ጥቁር

ከላይ የሚታየውን እህል አላምንም። ሥራዬ ይኸው ነው። ዳባት ባለው የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲራገፍ ባለ ቀዳዳውን ብረት ይዤ እቆማለሁ፤ ጆንያውን ከጎኑ እወጋና ከሆዱ የወጣውን ገብስ መዳፌ ላይ ዘርግቼ አያለሁ። አፉ ላይ ያማረ፣ መሀሉ ግን ጠጠርና እንክርዳድ የሆነ ጆንያ ስንቱን እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ነጋዴው "እህቴ፣ እኔን ትጠረጥሪኛለሽ?" ይለኛል። "አዎ፣ እጠረጥርሃለሁ፤ እንጀራዬ ነው" እለዋለሁ። ሥራው ይህን ጠባይ ሰጠኝ ወይስ ጠባዬ ሥራውን አመጣልኝ ብላችሁ ባለቤቴን ብትጠይቁት፣ ሁለተኛው ነው ይላችኋል።

ኑሯችን ደባርቅ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ወደ ዳባት እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ኅዳር ከገባ በኋላ የደባርቅ ጠዋት ጓሮው በውርጭ ነጥቶ፣ ባልዲ ውስጥ ያደረው ውሃ ከላዩ በረዶ ሠርቶ ነው የሚጠብቀኝ። በዚያ ብርድ ሁለት ልጆች ቀስቅሼ፣ አልብሼ፣ አብልቼ ራሴም ለብሼ መውጣት አለብኝ። ልጆቹን ማልበስ ይቻላል፤ የትምህርት ቤት ልብሳቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚያከራክር ነገር የለውም። መከራው እኔ ነኝ። አረንጓዴው ቀሚስ ከቡኒው ሹራብ ጋር አይሄድም። ቡኒው ሹራብ የሚሄድለት ጉርድ ደግሞ ታጥቦ ተሰጥቷል፣ በዚህ ብርድ መቼ እንደሚደርቅ እግዜር ይወቀው። ነጩን ሹራብ ስለብስ ትንሹ ልጄ በገንፎ እጁ መጥቶ ያቅፈኛል። ቁምሳጥኑ ሞልቶ በሩ አይዘጋም፣ እኔ ግን የምለብሰው አጥቼ መሀል ቤት በውስጥ ልብስ እየተንቀጠቀጥኩ እቆማለሁ። ሚኒባሱ ደግሞ አይጠብቅም።

አብራኝ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ አለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሴትዮዋ ሥራ የሚሠሩ እናቶች ጥቂት ልብስ ብቻ ቢኖራቸው ይበቃል ትላለች፤ ዋናው ነገር ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚሄድ መሆኑ ነው፣ እጅሽ የነካውን ብትለብሺ ያምርብሻል። አላመንኳትም። ያለችበት ቤት ወለሉ ያብረቀርቃል። ልጆች አሉኝ ትላለች፣ ግድግዳው ላይ ግን አንድ የእጅ አሻራ አይታይም። ልጆቹን ተከራይታቸው ይሆናል አልኩ። መጨረሻ ላይ የምትሸጠው ነገር ታወጣለች ብዬ ብጠብቅ ምንም አልሸጠችም፤ ይኼ ደግሞ የባሰ አጠራጠረኝ።

ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከጥቂት ቀን በኋላ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡ የማኅበር ተወካዮች ፊት ቆሜ ስለ እርጥበት ሳስረዳ ሁሉም ደረቴን ያያሉ። ጎንበስ ብዬ ባይ የልጄ አምስቱም ጣቶች ነጩ ሹራቤ ላይ አሉ። ያን ዕለት ማታ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ወሰንኩ።

ቀለሙን ስመርጥ ብዙ አላሰብኩም። ከደባርቅ እስከ ዳባት ያለው ነገር ሁሉ ልብስ ለማበላሸት የተፈጠረ ነው። የሚኒባሱ በር ግራሶ አለው፣ ከወንበሩ ሥር በግ ይታሰራል፣ ከመናኸሪያው እስከ መጋዘኑ በክረምት ጭቃ በበጋ አቧራ ነው። ጭቃን የሚችል፣ ቆሻሻን የማይናገር፣ ከምንም ጋር የማይጣላ ቀለም አንድ ብቻ ነው። በገበያ ቀን ደባርቅ ካለው የሰልባጅ ተራ ገብቼ ስፌቱን እየገለበጥኩ፣ ክንዱ ሥር እየጎተትኩ፣ ሻጮቹን እያስመረርኩ መረጥኩ። ጥቁር ጉርዶች፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁርና የከሰል ቀለም ያላቸው ሹራቦች፣ አንድ ወፍራም ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ሻሽ። ቤት ወስጄ አልጋ ላይ ዘረጋሁና ይኼን ከዚያ፣ ያንን ከዚህ አደረግኩ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሄደ። ሴትዮዋ አልዋሸችም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁምሳጥኑን ገለበጥኩት። አማቴ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። የመጨረሻ ልጃቸው፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ማለት ነው፣ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ሲወርድ ቤታቸውን ዘግተው እኛ ጋ ገቡ። ልጆቼን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ባይኖሩ ሥራ የሚባል ነገር አይታሰብም። ልጁ በፊት በየሳምንቱ ይደውልላቸው ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን ስልኩ አይጠራም። ባለቤቴ "ቆላ ኔትወርክ የለም" ይላቸዋል፤ እኔም እሱን ሰምቼ ኔትወርክ የለም እላቸዋለሁ። እሳቸው በየማታው "ዛሬስ?" ብለው ይጠይቃሉ፣ እኛም ያንኑ እንመልሳለን።

አበባ ያለበትን፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ለሠርግ ያሰፋሁትን ሳይቀር አጣጥፌ በአንድ በኩል ከመርኩ።

"ይኸንንም ልትሰጭው?" አሉኝ አማቴ ቀዩን አንስተው።

"አዎ፣ እማማ። አይሄድልኝም።"

"ትናንት ሲያምርብሽ የነበረ ዛሬ ምን ሁኖ ነው የማይሄድልሽ?"

"በቃኝ። ለሥራ አይሆንም።"

ቀዩን ጭናቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ዳበሱት። ከዚያ ክምሩ ላይ መለሱት። ልብሶቹን ግቢ ውስጥ ላሉ ሴቶች አከፋፈልኩ፣ የቀረውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ላክሁ። ለራሴ ያስቀረሁት ቤት ውስጥ የምለብሰውን አንድ አሮጌ ባለ አበባ ቀሚስ ብቻ ነበር።

እንዴት እንደተገላገልኩ ልነግራችሁ አልችልም። በጨለማ ተነስቼ እጄን ቁምሳጥን ውስጥ እሰድና የመጣልኝን ለብሼ እወጣለሁ። አማቴ በዚያ ሰዓት ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ስወጣ አያዩኝም። ማታ ስገባ ደግሞ ልጆቹ ዘይት በነካው እጃቸው ሳይደርሱብኝ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ጥቁሩን አውልቄ እሰቅላለሁ፣ ባለ አበባዋን ቀሚስ ለብሼ እወጣለሁ። ልብስ እንዲህ ነው የሚያዘው ብዬ በራሴ ኮራሁ። ባለቤቴም ምንም አላለም። መምህር ነው፤ ስለ ጫማ ክሬ ሳይቀር አስተያየት የሚሰጥ ሰው ነው። ስለ ጥቁሩ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለምዶኛል ብዬ አለፍኩት።

ሰዎች ግን አንድ አንድ ነገር ይሉኝ ጀመር። የሚኒባሱ ረዳት ሳልጠይቀው ከፊት ወንበር ሰው አስነስቶ አስቀመጠኝ። መጋዘኑ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሴት "አይዞሽ" አለችኝ፤ ምን ሆኜ ነው የምታጽናናኝ ብዬ አጉል አየኋት። አንድ ስንዴ ያመጣ ነጋዴ ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ "ነፍስ ይማር" አለኝ። "ማንም አልሞተብኝም፣ ይህ የሥራ ልብሴ ነው" ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ሊያባብለኝ ፈልጎ ነው፣ ጆንያው ውስጥ አንድ ነገር አለ ብዬ ያን ቀን የሱን ከሌላው ሰው ጆንያ አብዝቼ ወጋሁት። ስንዴው ንጹሕ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ አማቴ ተለወጡብኝ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት "ዛሬስ?" ማለት መተዋቸውን ነው። ከዚያ በፊት አንድም ማታ ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። ከሥራ ስገባ ከበሩ ጀምረው በዓይናቸው ይከተሉኛል። መኝታ ቤት ገብቼ ስወጣ ባለ አበባዋን ቀሚስ ያዩና ፊታቸውን ያዞራሉ። ባለቤቴና እኔ ጓዳ ገብተን ስለ ዘይትና ስለ ሳሙና ስናወራ እንኳ እሳቸው ያሉበት ክፍል ፀጥ ይላል። ሴት ልጄ አንድ ቀን ጫማዋን እየፈታሁላት "እማዬ፣ አባዬ ሲያለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው አያቴ ጠየቁኝ" አለችኝ።

"ምን አልሻቸው?"

"አባዬ አያለቅስም አልኳቸው።"

ደሜ ፈላ። ይኼ ነገር ገባኝ አልኩ። ሴት ልጅ በድንገት አለባበሷን ከለወጠች፣ የድሮ ልብሷን ካከፋፈለች፣ ውጭ ሌላ ቤት ሌላ ከለበሰች ሰው ምን ይላል? ወይ ሌላ ሰው ይዛለች ይላል፣ ወይ ባሏን ጥላ ልትሄድ ነው ይላል። ልጃቸውን አስለቅሳዋለሁ ብለው ነው የጠረጠሩኝ። በዚህ ላይ ከግቢያችን አንዷ ሴት፣ ቀዩን ቀሚሴን የሰጠኋት፣ ማታ ስገባ ከአማቴ ጋር ተጠጋግታ ስታወራ አየሁ። እሷ ናት ያናፈሰችው አልኩ። ልብሴን ለብሳ ስሜን ታጠፋለች።

እኔ ደግሞ ጠርጥሬ ዝም ብዬ አልቀመጥም። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተፈትቶ ዳግመኛ መሰፋቱን የምናውቅበት መላ አለን። እንደዚያው አደረግኩ። ጠዋት ካፖርቱን ሳልለብስ እጅጌውን በልዩ ሁኔታ ወደ ኪሱ አስገብቼ ሰቀልኩት። ማታ ስገባ እጅጌው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በማግስቱ በትርፍ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ማበጠሪያ ገለበጥኩት፤ ማታ ተቃንቶ አገኘሁት። ተናደድኩ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ቁምሳጥኔ! ልጆቼን የማምናቸው ሰው ኪሴን ይፈትሻሉ!

"እናትህ ዕቃዬን ይፈትሻሉ" አልኩት ባለቤቴን።

"ተያቸው" አለ። የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር፣ ቀና እንኳ አላለም።

"ተያቸው? ሌብነት ወይ ሌላ ነገር ጠርጥረውኛል እኮ!"

"አርጅተዋል፣ ተያቸው አልኩሽ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ እናቱና ስለ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስተምረኝ ነበር። አጭር መልሱን ለእናቱ ማዳላት አድርጌ ቆጠርኩበት፣ አኮረፍኩት።

አንድ ቅዳሜ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ መኪና ሲራገፍ አያለሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከባሕር ዛፍ አጥሩ ሥር፣ ነጠላ የተከናነቡ ሴት ቆመዋል። አካሄዳቸውን ሳይሆን አቋቋማቸውን አወቅሁት። አማቴ ናቸው። ጠዋት ዳባት ያለች እህቴን ልጠይቅ ነው ብለው ልጆቹን ለባለቤቴ ትተውለት ነበር። የእህታቸው ቤት ግን እዚያ ሰፈር አይደለም። እኔን ሊያዩ ነው የመጡት።

ብረቱን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻገርኩ። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

"እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ልይሽ ብየ ነው" አሉ።

"ቤት አያዩኝም? ቦርሳዬን አይተዋል፣ ኪሴን አይተዋል፣ አሁን ደግሞ ሥራ ቦታዬ መጡ? ይንገሩኝ እስቲ፣ ምን ሠርታለች ብለው ነው?"

ከእግሬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ። ጫማዬን፣ ጉርዴን፣ ሹራቤን፣ አንገቴ ላይ የጠመጠምኩትን ሻሽ። እኔም ዓይናቸውን ተከትዬ ራሴን አየሁ፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነበርኩ።

"እውነት ነው ለካ" አሉ ቀስ ብለው። "እህቴ ስትነግረኝ አላመንኋትም ነበር።"

"ምኑ ነው እውነት?"

"መቸ ልትነግሩኝ ነው?"

"ምኑን?"

"የልጀን ነገር።"

መጀመሪያ አልገባኝም። የቱ ልጅ ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይ የባለቤቴን ወንድም ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

"ውጭ ከል ለብሰሽ ትውያለሽ" አሉኝ። "ቤት ስትገቢ አበባውን ትቀይሪያለሽ። ቀለም ያለውን ሁሉ ከቤት አወጣሽ። አገሩ ሁሉ አይዞሽ እንደሚልሽ እህቴ ነግራኛለች። እኔ ሕፃን ነኝ? እኔም እኮ ስንት ሰው አርድቻለሁ፣ አንች። የአክስቴ ልጅ ሲሞት መርዶው እስኪነገራት ድረስ አጠገቧ ተቀምጨ እየሳቅሁ ጥጥ ፈትያለሁ። እንዴት እንደሚደበቅ አውቃለሁ። መሀረብ በኪስሽ ይኖራል ብየ ኪስሽን አየሁ። እርጥብ መሀረብ ፈለግሁ።"

በእኛ አገር የሞት ወሬ እናት ጆሮ ቶሎ አይደርስም። ዘመድ ሰምቶ ይደብቃል፣ ይመካከራል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ከዚያ በማለዳ ተሰብስቦ መጥቶ ያረዳል። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ ከሟቹ እናት ጋር እየበላና እየሳቀ ይሰነብታል። ይህን እያወቅሁ ነው ጥቁር ለብሼ ወጥቼ አበባ ለብሼ የገባሁት። አንድ ወር ሙሉ እሳቸው በየማታው ያዩት የነበረው ይህንን ነው። እኔ ሌላ ወንድ ብለው ጠረጠሩኝ ብዬ ስፎክር፣ እሳቸው ልጃቸውን ሲቀብሩ ነበር። አፈርኩ።

"እማማ፣ ምንም የሰማነው ነገር የለም" አልኳቸው። "ልብሱ ለሥራ ነው። ጭቃ ስለሚችል ነው።"

"ማይልኝ።"

"በልጆቼ እምላለሁ።"

"በልጆችሽ?"

"በሁለቱም። እሱ መሞቱን ሰምቼ ከሆነ ልጆቼን ያሳጣኝ።"

እንዲህ ዓይነት መሐላ በቀልድ እንደማይማል ያውቃሉ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔ የገብስ ፍሬ እንደማየው ነበር የሚያዩኝ። ከዚያ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አጠገባቸው ተቀምጬ ጀርባቸውን ዳበስኩ። የመጋዘኑ ሠራተኞች ከማዶ ሲያዩን "እውነትም ሀዘን ላይ ናት" ሳይሉ አይቀሩም።

ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው "ለጭቃ ብለሽ ከል ለበስሽ?" አሉኝ።

"ለጭቃ ብዬ።"

"ጭቃስ ይታጠባል እኮ፣ አንች ልጅ!" ብለው ሳቁ። ከወራት በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያወጣ።

ከሥራ ስወጣ አብረን ወደ መናኸሪያው ሄድን። መንገድ ዳር የሰልባጅ ልብስ የዘረጋ ልጅ ጋ ቆሙና እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ከተው አንድ ሹራብ መዘዙ። ቢጫ ነበር፤ የአደይ አበባ ዓይነት፣ ከሩቅ የሚጮህ ቢጫ። እስከ አንገት የሚቆለፍ ትልልቅ ቁልፎች አሉት። ከነጠላቸው ጫፍ ገንዘብ ፈተው ራሳቸው ከፈሉ፣ እንዳልከፍል እጄን መቱኝ።

"ይኸንን ለኔ ብለሽ ልበሽው" አሉኝ። "ከጥቁርሽ በላይ ደርቢው። ዓይኔ አንድ ቀለም ይይ።"

ስፌቱን እንኳ አላየሁትም። እሺ አልኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬን ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አማቴ ልጆቹን ይዘው ጎረቤት ሄዱ፤ ይህንን ቀልድ ለማን እንደሚነግሩ አውቄያለሁ። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ደርድሮ ያርማል። ኩርፊያዬን ረስቼ ሹራቡን ደረቴ ላይ ለጥፌ ፊቱ ቆምኩ።

"ይህን ማን እንደገዛልኝ ታውቃለህ? እናትህ ናቸው! ለምን ኪሴን ሲፈትሹ እንደከረሙ ታውቃለህ? ጥቁር መልበሴን አይተው ወንድምህ የሞተ መስሏቸው! ደብቃችሁኛል ብለው እኮ ነው፤ ዳባት ድረስ መጡ..."

እየሳቅሁ ነበር የምነግረው። እሱ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ማን ነገራት?" አለኝ።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ማንም እንዳልነገራቸው፣ ራሳቸው ገምተው እንደሆነ ልነግረው ስል ፊቱን አየሁት። ስንት ሳምንት አብሬው እየኖርኩ፣ አብሬው እየተኛሁ ይህን ፊት አላየሁትም። ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከተልኩት። አጥሩን ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ዞሮ ቆሟል።

የወንድሙን ሞት ኅዳር ሲያልቅ ነው የሰማው። አብሮት ሰሊጥ ሲያጭድ የነበረ ልጅ በአዲ አርቃይ በኩል ሲመለስ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ነገረው። ወባ ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው፤ እዚያው ነው የተቀበረው። አጎቶቹ ያውቃሉ። ተመካክረው ጥምቀት ይለፍ ብለዋል፤ የእናቱ ወንድም፣ ቄሱ፣ ያኔ ከገጠር መጥቶ እሱ ነው የሚያረዳት። ይህን ሁሉ ድምፁን ሳይቀይር ነገረኝ።

"ለኔስ? ለኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ፊትሽ ነገር አይደብቅም። አንድ ቀን አታልፊውም ነበር።"

"በልጆቼ ማልኩላቸው!" አልኩት። "በሁለቱም! ምንም አልሰማሁም ብዬ!"

"አልሰማሽም ነበር እኮ።"

"እሱን ለማን ነው የምነግረው? ለልጆቼ?"

ጮህኩበት። ከዚያ ጎረቤት እንዳይሰማ አፌን በእጄ ያዝኩ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ከርሜ፣ የሻይ ሻጯን፣ ነጋዴውን፣ ቀሚሴን የሰጠኋትን ምስኪን ሴት፣ አጠገቤ የተኛውን ሰው ግን አልጠረጠርኩም። ተናድጄበት ነበር፤ ክፉኛ ተናድጄበት ነበር። እሱ ግን አጥሩን እንደያዘ ማልቀስ ሲጀምር ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

"ጥቁሩን መልበስሽን ስትቀጥይ" አለኝ ቆይቶ፣ "ዝም ያልኩሽ ለምን መሰለሽ? ለሱ የለበስሽለት መሰለኝ። እንደማታውቂ አውቃለሁ። ግን እኔ እንኳን ልለብስለት አልቻልኩም። ከቤታችን አንድ ሰው ከል ለበሰለት ብዬ፣ ጠዋት ጠዋት ስትወጪ ባየሁሽ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።"

በማግስቱ እሑድ ነበር፣ ቤት ዋልኩ፤ ባለ አበባዋን ቀሚስ ለብሼ አማቴ ስለ ከል የሚያወሩትን ቀልድ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሰማሁ። ሰኞ ጠዋት ቁምሳጥኑን ከፍቼ ቆምኩ። የማስበው ነገር አይኖረኝም፣ እጄ የነካውን እለብሳለሁ ብዬ ነበር ያን ሁሉ የሰበሰብኩት። እጄ የነካው ሁሉ ጥቁር ነበር። ለባለቤቴ ወንድም የሚገባው እሱ ነው። አሁን ነበር ጥቁር መልበስ የነበረብኝ፣ አሁን ደግሞ አልችልም። ጉርዱን ለበስኩ፤ ከላይ ቢጫውን ሹራብ ደረብኩ።

አማቴ ያን ቀን ለኪዳን አልሄዱም ነበር። እኔን ለማየት በሩ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ይጠብቃሉ።

"እሰይ! አሁን ሰው መሰልሽ!" ብለው ተነሱ። ዞር በይ አሉኝ፣ ዞርኩ። አንገቴ ሥር ያለውን ቁልፍ ረስቼው ስለነበር ቀረብ ብለው በቀዝቃዛ ጣቶቻቸው ቆለፉልኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ልጆቹን ጫማ ያደርጋል፤ ቀና አላለም።

"ልጀ ሲመጣ ይኸንን ለብሰሽ ነው የምትቀበይልኝ፣ እሽ?"

ፊቴን አዩት። ፊቴ ነገር አይደብቅም ይባላል። በልጆቼ የማልኩትን መሐላ እያሰብኩ ሳቅ አልኩላቸው።

"እሺ፣ እማማ" አልኩ።

ግንባሬን ስመው ሸኙኝ። ጥምቀት እስኪያልፍ ድረስ በየቀኑ ያንኑ ሹራብ ለበስኩ።